የኧርነስት ዊሎውስ ስምም ይጠቀስ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ባለፈው ዕትማችሁ ስለ አየር መርከቦች፣ ማለትም ከአየር በሚቀል ጋዝ ተሞልተው በሞተር ስለሚበርሩት፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ ባነብም፣ ከጀርመናዊው ከዜፕሊን ሌላ ሠሪ ያልነበረ አስመስሎ ማቅረቡ ቅር ስላሰኘኝ ይህን ደብዳቤ ልኬያለሁ።

በብሪታንያ፣ ዌልስ ውስጥ የምትገኘው የካርዲፍ ከተማ ተወላጅ የሆነው ኧርነስት ዊሎውስ ለጥርስ ሕክምና ሲሠለጥን የነበረ ወጣት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1905፣ ገና በ19 ዓመቱ፣ የመጀመሪያ የአየር መርከቡን ሠርቶ አበረረ። የዜፕሊን የመጀመሪያ መርከብ 128 ሜትር ስትረዝም የዊሎውስ 22 ሜትር ያህል ብቻ ነበረች።

እኔ በባሕር ዳር የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነኝ፤ ሰውየውን የወደድኩትም በዚሁ ሙያዬ ምክንያት ነው። ወደ ዘጌ የሚመላለሱት ጀልባዎቻችን ከኋላ የሚንጠለጠለው ሞተራቸው የተለየ መሪ የለውም፤ ነጂው እጀታውን ወደ ግራ ሲገፋ ፕሮፔለሩ ራሱ ዞሮ የጀልባዋን አፍንጫ ወደ ቀኝ ያስይዛል። ከኋላ የሚተከል መሪ ውኃ ካልገፋው ስለማይሠራ፣ ወደብ ላይ ቀስ ብላ የምትጠጋን ጀልባ የሚያድናት ይህ የሚዞር ፕሮፔለር ነው። ዊሎውስም በአየር ላይ ያሰበው ይህንኑ ሲሆን፣ በኋላ በሠራቸው መርከቦች በሁለቱ ጎን የተገጠሙት ፕሮፔለሮች ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚዘነበሉ፣ አብራሪው ለመውጣት ለክብደት የተጫነውን አሸዋ ሳይደፋ፣ ለመውረድም ጋዝ ሳያፈስ መርከቧን ማዘዝ ይችል ነበር።

በ1910 ክረምት ከካርዲፍ ለንደን ድረስ በረረ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ፣ አንዲት የፈረንሳይ የአየር መርከብ ወደ እንግሊዝ በተሻገረች በሳምንታት ውስጥ፣ ከእንግሊዝ ወደ ፈረንሳይ በአየር መርከብ የተሻገረ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ጉዞው ግን የተቃና አልነበረም፤ በሌሊት ካርታዎቹ ከእጁ አምልጠው ወደቁበትና በሰሜን ፈረንሳይ ዱዌ ከተማ አጠገብ አረፈ፣ ፓሪስ የደረሰውም ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ነው። ካርታ የሌለው ሰው በጨለማ ባሕር አቋርጦ በሰላም ማረፉን፣ ጣና ላይ ምሽት ነፋስ የያዘው ሁሉ አቅልሎ አያየውም።

በ1912 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል አንዷን የአየር መርከቡን ገዛ። በ1926 እንግሊዝ ውስጥ ቤድፎርድ ከተማ አጠገብ በደረሰ የባሉን አደጋ ከተሳፋሪዎቹ ጋር ሕይወቱ አለፈ።

ከጽሑፉ ጋር ያተማችሁት ፎቶግራፍ በ1997 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረችውን አዲሷን ዜፕሊን ያሳያል፤ ጎኗን አስተውሎ ላየ ሰው ፕሮፔለሮቿ የሚዞሩ ናቸው። ፎቶግራፉን ዳግም የምታትሙ ከሆነ፣ ከሥሩ የዊሎውስን ስም እንድትጨምሩልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣
ከባሕር ዳር