ጌም ቤትና ቤቲንግ ቤት አንድ አይደሉም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰሞኑን ስለ ወጣቶች ሱስ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ስለ ሺሻውም ስለ ቤቲንጉም ያላችሁት እውነት ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ በየቀኑ በዓይኔ የማየው ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን ከፋኝ። «ሺሻ ቤቶች፣ ቤቲንግ ቤቶችና ፕሌይስቴሽን ቤቶች» ብላችሁ ሦስቱን አንድ ላይ አስራችሁ አለፋችሁ። ሦስተኛው እኔ ያደግኩበት ቤት ነው።

ራሴን ላስተዋውቅ። ጉለሌ ተወልጄ ያደግኩ፣ 4ኛ ክፍል ሒሳብ የማስተምር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ጌም እወዳለሁ። ልጅ ሆኜ ጀመርኩ፣ አሁንም እጫወታለሁ፣ ወደፊትም አልተውም።

ነገሩ የጀመረው በ1990 ዓ.ም. ገደማ ነው። እናቴ እንጀራ ጋግራ ትሸጥ ነበር። ጅዳ ሰው ቤት ትሠራ የነበረችው አክስቴ ለእረፍት ስትመጣ ከብርድ ልብሱና ከሽቶው ጋር አንድ ቲቪ ጌም ይዛልን መጣች። ሁለት ጆይስቲክና አንድ ቢጫ ካሴት ነበረው። ካሴቱ ላይ «9999 ጌም» የሚል ተጽፎበታል። ሲከፈት ግን እነዚያው ጥቂት ጌሞች እየተመላለሱ ይመጣሉ። ለእኛ ጥቂቱም ከበቂ በላይ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ የሰፈሩ ልጅ በሙሉ ግቢያችን ገባ። እናቴ አይታ አይታ በመንገድ በኩል ያለችውን ክፍል ለቀቀችልን። አንድ ዙር 25 ሳንቲም አለች። እንጀራ ቤታችን ጌም ቤትም የሆነው እንዲህ ነው።

ከዚያ ካሴት ውስጥ እስከ ዛሬ የሚደንቀኝ ሱፐር ማሪዮ ነው። ኒንቴንዶ እንደ ፈረንጆቹ በ1985 ያወጣው፣ ሺገሩ ሚያሞቶ የሚባል ጃፓናዊ የፈጠረው ጌም ነው። ያኔ ይህን አላውቅም። እንግሊዝኛም አላነብም። አጨዋወቱን የነገረኝ ሰው የለም፣ መናገርም አላስፈለገም። ማሪዮ ከስክሪኑ በግራ በኩል ይቆማል። በቀኝ በኩል ሜዳው ክፍት ነው፣ ስለዚህ ወደ ቀኝ ትሄዳላችሁ። ፊቱን ያኮሳተረ ቡናማ ፍጥረት ይመጣል። ዝም ካላችሁት ይገድላችኋል፣ ዘላችሁ ከረገጣችሁት ይሞታል። ቀጥሎ የጥያቄ ምልክት ያለበት ሳጥን አለ። ከሥር ዘላችሁ ስትመቱት እንጉዳይ ይወጣል። እንጉዳዩ ወደ ቀኝ ይንሸራተትና ከቧንቧው ጋር ተጋጭቶ ወደ እናንተ ይመለሳል። ልትሸሹት ብትዘሉ እንኳ ከላይ ያሉት ጡቦች ወደ ታች ይመልሷችኋል። ሲነካችሁ ትልቅ ትሆናላችሁ። አለቀ። አንዲት ቃል ሳታነቡ ማን ጠላት፣ ማን ወዳጅ እንደሆነ አወቃችሁ። ይህ ሁሉ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም፣ ሰው ቁጭ ብሎ አስቦበት የሠራው ነው።

እኔ ዛሬ ክፍልፋይ የማስተምረው በዚሁ መንገድ ነው። ሕጉን መጀመሪያ ሰሌዳ ላይ አልጽፍም። ለእያንዳንዱ ልጅ እኩል የተቆረጡ ሦስት ቁራጭ ወረቀቶች እሰጣለሁ። አንዱን ለሁለት፣ አንዱን ለሦስት፣ አንዱን ለአራት እጠፉ እላለሁ። ከዚያ ሲሶ ይበልጣል ወይስ ሩብ ብዬ ዝም እላለሁ። አራት ከሦስት ይበልጣል ብሎ የመጣ ልጅ ወረቀቱን አይቶ ራሱን ያርማል። መምህራን ኮሌጅ ከመግባቴ በፊት ይህን ያሳየኝ ማሪዮ ነው።

ኮንትራ የሚባለው የተኩስ ጌም ደግሞ ለሁለት ነው ደስ የሚለው። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ፏፏቴ አለ፣ እየዘለሉ ወደ ላይ ይወጡታል። ስክሪኑ ከፊተኛው ጋር ነው የሚሄደው። ፊተኛው ከቸኮለ፣ ኋላ የቀረው ከስክሪኑ በታች ይቀርና ይሞታል። ወንድሜ ጣቱ ፈጣን ነው፣ ግን አይጠብቅም። «ኧረ ቆየኝ!» እያልኩ ስንት ጊዜ ሞትኩ! ቀስ በቀስ መጠበቅ ጀመረ። አንድ ደረጃ ይወጣል፣ ዞር ብሎ ያየኛል፣ «ነይ» ይለኛል። ፏፏቴውን ያለፍነው ያኔ ነው። የእኔና የወንድሜ ፍቅር ዛሬም ድረስ እዚያ የተሠራ ይመስለኛል።

በ1990ዎቹ አጋማሽ እናቴ እቁብ ሲደርሳት ግራጫውን ፕሌይስቴሽን ገዛች። ከቆይታ በኋላ ሲዲ አላነብ ሲል ገልብጠን ጀርባው ላይ እናስተኛው ነበር። የዚያ ዘመን ልጆች ሁሉ ታስታውሱታላችሁ። ሲዲውን የሚያነበው ሌንስ የሚንሸራተትበት ፕላስቲክ በሙቀትና በአገልግሎት ብዛት ይበላና ሌንሱ ያዘነብላል። ሲገለበጥ ክብደቱ በሌላ በኩል ስለሚያርፍ ማንበብ ይጀምራል። ይህን ማንም መጽሐፍ ላይ አላነበበውም። ልጆች ሞክረው ደረሱበት።

ልጆቹ እናቴን «እትዬ» ነበር የሚሏት። የእትዬ ሕግ ደግሞ ሕግ ነው። በትምህርት ሰዓት ዩኒፎርም የለበሰ አይገባም። ሲጋራ የለም፣ ስድብ የለም። ማታ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ ኳሱ ሁለት ለሁለት ቢሆንም፣ ይጠፋል። ተሸናፊ የጌሙን ሒሳብ ይከፍላል፣ አሸናፊ ጆይስቲኩን ይዞ ይቀመጣል። ይኼ የየሰፈሩ ደንብ ነው። ከዚያ ውጪ ግን በመሃል ብር ያስያዙ ሁለት ልጆች ከተገኙ ሁለቱም ይባረራሉ። የአሸናፊውን ብር ነጥቃ ለተሸናፊው ስትመልስ አይቻለሁ። «እኔ የምሸጠው ጨዋታ ነው» ትል ነበር።

ሴት ልጆችም ይመጡ ነበር። መኖሪያ ቤት ስለሆነ፣ እትዬ ስላለች፣ እኔም ስላለሁ እናቶቻቸው አይከለክሏቸውም። በኋላ ጌም ቤቶች ወደ አስፋልት ዳር ወጡ። ጨለማ ክፍል፣ መጋረጃ የተጣለበት በር፣ ደጁ ላይ የቆሙ ጎረምሶች። ሴቶቹ በዚያው ቀሩ። የኳስ ጌሞቹ፣ ፊፋውም ዊኒንግ ኢለቨኑም፣ የወንድ ሆኑ። ያኔ ከእኔ ጋር ተራ ይጠብቁ የነበሩ ጓደኞቼ ዛሬ ጌም ሲባል የልጅ ነገር፣ የወንድ ነገር ይመስላቸዋል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ቀጥሎ ቤቲንግ መጣ። የእኛ ሰፈር ሁለት ጌም ቤቶች ቲቪውን እንኳ ሳይቀይሩ ቤቲንግ ቤት ሆኑ። ሊነገር የሚገባው ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ቤቲንግ ቤት ውስጥ «ቨርቹዋል» የሚባል አለ። ኮምፒውተር የፈጠራቸው ቡድኖች ኮምፒውተር በወሰነው ውጤት ይጫወታሉ፣ ሰዉ ብር ያስይዛል። መንገድ ላይ ሆኖ በመስኮት ለሚያይ ከፕሌይስቴሽን ምንም አይለይም። እዚያም ስክሪን፣ እዚህም ስክሪን፣ ሁለቱም ላይ የሥዕል ኳስ ተጫዋቾች ይሮጣሉ፣ ሁለቱም ጋ ወጣቶች ይጮኻሉ። ልዩነቱ ጣት ነው። ጌም ቤት ያለው ልጅ ጣቱ ይሠራል። ትናንት የተሸነፈው ዛሬ ተለማምዶ ያሸንፋል። ቨርቹዋል ላይ መለማመድ የሚባል ነገር የለም። የልጁ ሥራ መክፈልና መጠበቅ ብቻ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ስትጽፏቸው አባት ልጁን ከሁለቱም ይከለክላል፣ ልጁ ደግሞ ተደብቆ የቀረበውን ይገባል። በእኛ ሰፈር ዛሬ የሚቀርበው ቤቲንጉ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን በበሽታ ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷል ብላችኋል። ልክ ነው፣ እንደ ፈረንጆቹ በ2019 የጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ የሚሠራበት ዝርዝር ውስጥ አለ። ግን ትርጉሙንም አብራችሁ ብትጽፉት ጥሩ ነበር። ሰውየው ጨዋታውን መቆጣጠር ያቃተው፣ ከሌላው ኑሮው ሁሉ ያስቀደመው፣ እየጎዳውም የቀጠለ መሆን አለበት። ይህም በአብዛኛው ቢያንስ 12 ወር የቆየ መሆን አለበት። ድርጅቱ ራሱ ጌም ከሚጫወቱት ውስጥ ይህ የሚያጋጥመው ጥቂቱን ነው ይላል። እንዲህ የሆነ ልጅ ካለ እርዳታ ያስፈልገዋል። ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ጌም ተጫውቶ ቤቱ የሚገባው ልጅ ግን በሽተኛ አይደለም።

ጌም ሁሉ ንጹሕ ነው አልልም። ፊፋ ይባል በነበረው፣ ዛሬ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ በሚባለው ጌም ውስጥ በእውነተኛ ገንዘብ የሚገዛ፣ ማን እንደሚወጣ የማይታወቅ የተጫዋቾች ጥቅል አለ። ይህ ዕጣ ነው። ቤልጂየም እንደ ፈረንጆቹ በ2018 እንዲህ ዓይነቱ ቁማር ነው ብላ ወሰነች፣ አምራቹም በዚያ አገር ሽያጩን አቆመ። ወላጆች ስልካቸውን ለልጅ ሲሰጡ ይህን ማወቅ አለባቸው። ይህን ዓይነት ነገር ከእናንተ ጋዜጣ ላይ ባነብ ደስ ይለኛል።

እኔም እንደ እናቴ በእቁብ ብር ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ገዝቻለሁ። ልጆቹ ሲተኙ ነው የምጫወተው። ብዙ ጊዜ የምመለስበት «ሻዶው ኦፍ ዘ ኮሎሰስ» የሚባል ጌም አለ። አንድ ወጣት የሞተችበትን ኮረዳ ለማስነሳት 16 ግዙፍ ፍጥረቶችን መግደል አለበት። በዚያ ሰፊ ምድር ላይ ሌላ ጠላት የለም። ፈረስና ነፋስ ብቻ። ሰይፉን ፀሐይ ላይ ሲያነሱት ብርሃኑ መንገድ ያሳያል። የመጀመሪያውን ስትገድሉ ደስ ይላችኋል። እየቆየ ግን አብዛኞቹ ምንም ያላደረጓችሁ መሆናቸውን ታያላችሁ፣ ሲወድቁ ሆድ ይብሳል። ማንም አይሰብካችሁም። በገዛ እጃችሁ አድርጋችሁት ነው የሚሰማችሁ። እንዲህ የሚያደርግ ሌላ ጥበብ አላውቅም።

እኛም አገር የሚሠሩ አሉ። አዲስ አበባ ያሉት ቅኔ ጌምስ በዶሮ ሩጫ ላይ የተመሠረተውን «ኩኩሉ»ን ሠርተዋል፣ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥተውታል። እነዚህ ልጆች ጌም የለመዱት የት ይመስላችኋል? ብዙዎቹ እንደኔ ተራ ጠብቀው ነው ብዬ እገምታለሁ።

የምጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ስለ ሱስ በምትጽፉበት ጊዜ ጌም ቤትንና ቤቲንግ ቤትን ለዩልን። ሁለተኛ፣ ዘጋቢ ላኩና በሩ የተከፈተ፣ መብራት ያለው፣ ሰዓት የሚጠብቅ፣ ሴት ልጅ የማታፍርበት ጌም ቤት የሚሠሩትን አነጋግሩ። ሦስተኛ፣ ወረዳው ፈቃድ ሲሰጥም ሆነ ሲዘጋ በምን መስፈርት እንደሆነ ጠይቁልን። እኔ ከማውቃቸው ሁለት ቤቶች ጋር ላስተዋውቃችሁ ፈቃደኛ ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይመቸኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
የ4ኛ ክፍል ሒሳብ መምህርት፣ ከጉለሌ