ከቀለም ሱቅ የተላከ ደብዳቤ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ

ይድረስ ልርሳሽ ብልም እምቢ ላልሽኝ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ትምህርት ቤት ሳለን «ለጤናሽ እንደምን አለሽ፣ እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ» እያልን ለማንም የማንልከውን ደብዳቤ ስንጽፍ ትዝ ይልሻል? አሁን የእውነቱን ልጽፍ ስቀመጥ ያ ሁሉ ጠፋብኝ።

በዋትስአፕ በድምፅ ልልክልሽ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ሦስቱንም ሰረዝኩት። መልሼ ስሰማው የማስመስል መሰለኝ። ጎረቤቴ ሐጂያ ለዑምራ ስለሚሄዱ በእጃቸው ልላክልሽ ብዬ ወረቀት አወጣሁ። ጅዳ ሲደርሱ ይደውሉልሻል። በርበሬም ይዘውልሻል። ሙሸበክ ልጨምር ብል «አቦ ልጄ፣ ሻንጣዬን ሽሮፕ ልታደርጊው ነው?» ብለው ከለከሉኝ። እናትሽ ደህና ናቸው። ጉልበታቸው ብቻ ነው የሚያስቸግራቸው።

አምስት ዓመት ሊሞላን ነው። ለምን እንደተዘጋጋን ሁለታችንም እናውቃለን፤ ግን ማንም አልተናገረውም። እኔ ልናገረው።

ያን ሌሊት ደውለሽ ስለ ኦቦክ፣ ስለዚያ የጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ጀመርሽ። ጀልባዋ ላይ ስንት ሆናችሁ እንደተጫናችሁ። «ከጎኔ የነበረችው ልጅ…» ስትይ እኔ ገባሁበት። «ተይው በቃ፣ አታስታውሺው፣ አልፏል» አልኩሽ። ትንሽ ዝም አልሽ። ከዚያ «ልጆቹ ደህና ናቸው?» አልሽኝ። ደህና ናቸው አልኩሽ። ከዚያ ወዲያ አልደወልሽም፤ እኔም አልደወልኩም። ያጽናናሁሽ መስሎኝ ነበር። ወላሂ፣ መስሎኝ ነበር። ለካ አፍሽን ነው የዘጋሁት።

ይህ የገባኝ በአንዲት ሴት ምክንያት ነው። ስለሷ ልንገርሽ።

ሱቁ አሁንም ያው ነው። ቀለም፣ ጀሶ፣ ስቱኮ፣ ብሩሽ። ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት ሴት ገባች። ጥቁር ባልጦ ለብሳለች፤ እጅጌው ላይ ነጭ ቀለም ደርቆበታል። ሰማያዊ ቀለም በሩብ ኪሎ ፈለገች። በሩብ አንሸጥም አልኳት። «እንግዲያው ስሙኒ ቀንሽልኝና ሙሉውን እወስዳለሁ» አለች። ስሙኒ! ሱቅ ውስጥ የነበሩት ቀለም ቀቢዎች በሳቅ ሞቱ። እኔም ሳቅሁ። አማርኛዋ ጥርት ያለ ነው፤ ግን የአያቶቻችን አማርኛ ነው።

የአያቶቻችን መሆኑ አይገርምም። የተማረችው ከሴት አያቷ ነው። አያቷ ጁገል ውስጥ የተወለዱ የሐረር ሴት ናቸው። ድሬ መቼም የየመን ነጋዴ አጥታ አታውቅም፤ ባቡሩ በ1895 እዚህ ሲደርስ አብረው የደረሱ አሉ። ከነዚያ የአንዱ ልጅ አያቷን አግብቶ ወደ ኤደን ወሰዳቸው። እናቷም እሷም እዚያው ኤደን ተወለዱ። የመን ውስጥ እንደሷ ያሉትን «ሙወለድ» ይሏቸዋል፤ የመናዊ ሆኖ የእናቱ ወገን ከኛ የሆነ ማለት ነው። ቃሉን ስትናገረው ትኩስ ነገር አፏ ውስጥ እንደገባ ቶሎ ታወጣዋለች። እዚያ ሐበሻ ነበረች። እዚህ ደግሞ «ዐረቧ» ናት። ቀፊራ ገበያ ስትገባ የቲማቲም ዋጋ ይጨምራል።

መጋቢት 2007 ጦርነቱ ኤደን ሲገባ እናቷን ይዛ ወጣች። ፍየል ስትጭን በኖረች ጀልባ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ኦቦክ ደረሱ። እዚያ ዳርቻ ላይ ያየችውን እስካሁን ትናገረዋለች። እነሱ ከየመን ሸሽተው ሲወርዱ የኛ ልጆች ወደ የመን ለመሳፈር ተቀምጠው ይጠብቃሉ። «ወዴት ነው? እኛ ከዚያ ነው የሸሸነው!» አለቻቸው። አንዷ ልጅ «እኛ እናልፍበታለን እንጂ አንቀመጥበትም» ብላ መለሰችላት።

አንቺ በ2003 የተሳፈርሽበት ዳርቻ ነው።

ስደተኞች እንዲሠሩ የሚፈቅደው አዋጅ 2011 ላይ ወጥቷል። አንድ ቢሮ ፎርም ስታስሞላ ጸሐፊው ሥራዋን ጠየቃት። ሰዓሊ ነኝ አለች። ቀና ብሎ አያትና «የቤት እመቤት» ብሎ ሞላላት። ቤት እንኳ የላትም እኮ! በአንድ ክፍል ከእናቷ ጋር ነው የምትኖረው።

እንዴት እንደምትሠራ ብታዪ! ሸራ ውድ ስለሆነ የቡና ጆንያ ትገዛለች። ታጥበዋለች፣ እንጨት ላይ ወጥራ በትንንሽ ሚስማር ትመታዋለች። ከዚያ ኮላና ጀሶ በውሃ በጥብጣ ሦስቴ ትቀባዋለች። በየመሃሉ በብርጭቆ ወረቀት ትፈገፍገዋለች። በዚህ በድሬ ሙቀት አንዱ ቅብ ሻይ እስክንጠጣ ይደርቃል። አንዳንዴ የጆንያው ጽሑፍ በጀሶው ውስጥ ብቅ ይላል። አትሸፍነውም። አንዷ የሳለቻት ሴት ትከሻ ላይ «የኢትዮጵያ ምርት» የሚለው የፈረንጅ ጽሑፍ ይነበባል። እኔ ሳቅሁ፤ እሷ አልሳቀችም።

(በነገራችን ላይ፣ ፖርክ ኤፒክ የሚሉት እዚሁ ድሬ አጠገብ ያለው ዋሻ ውስጥ 40 ኪሎ የሚሆን የቀለም አፈር አግኝተዋል፤ የ40 ሺህ ዓመት ዕድሜ ያለው። ሱቄ የመጀመሪያው አይደለም ማለት ነው። ዱቤ ይሰጡ እንደነበር ግን አልተጻፈም።)

ሴቶቿ ፊት የላቸውም። እጅ ብቻ። አንዷ እጅ አለላ ትሰፋለች፣ አንዷ የሰው ሰሃን ታጥባለች፣ አንዷ ስልክ ጨብጣ ትጠብቃለች። በሃይማኖት ምክንያት መስሎኝ ነበር። ስጠይቃት «ፊት ከሳልኩ ሁሉም ሐበሻ ናት ወይስ ዐረብ ብቻ ነው የሚለኝ፤ እጁን አያይልኝም» አለችኝ። ወንዶቹስ የታሉ አልኳት። «ከፍሬሙ ውጭ ናቸው። ወይ ጀልባ ይነዳሉ፣ ወይ ወረቀት ይፈርማሉ።»

እኔ የምወደው ግን ሰው የሌለበትን ነው። የአያቷ የሐረር ቀሚስ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ያ በአንድ በኩል ጥቁር፣ ገልብጠው ሲለብሱት ቀይ የሚሆነውን ታውቂዋለሽ። እሷ የሳለችው ነፋስ ገልቦት፣ እኩሌታው ጥቁር እኩሌታው ቀይ ሆኖ ነው። ሱቅ ውስጥ ከቀለም ቆርቆሮዎቹ በላይ ሰቅዬዋለሁ። ደንበኛ ሁሉ «የትኛው ነው ውጪው?» ይለኛል። እኔ እንጃ እላለሁ። አንዱ ግድግዳ ቀቢ ብቻ ብዙ ቆሞ አየውና «ስፌቱ በሁለቱም በኩል ንጹሕ ነው» ብሎ ሄደ። ስነግራት ደስ አላት። ከሁሉም የገባው እሱ ነው አለች።

አንድ የሥዕል አስተማሪ ደንበኛ አለኝ። እሱ ነው ስለ ከበደች ተክለአብ የነገረን። ከደርግ ሸሽታ ስትሰደድ በሶማሊያ ወታደሮች ተይዛ አስር ዓመት ገደማ በእስር ካምፕ የቆየች፣ ኋላ አሜሪካ ሄዳ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የተማረች ሰዓሊና ገጣሚ ናት። የኛዋ ዝም ብላ ሰማች። «ከዚያ ሁሉ በኋላ መጀመሪያ ምን ሳለች?» አለች። አስተማሪው አላወቀም። ሳምንቱን ሙሉ ሱቅ በመጣች ቁጥር ያንኑ ትጠይቀኝ ነበር፤ እኔ አውቅ ይመስል።

እሷን ሳይ አንቺ ትመጪብኛለሽ። አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን ነገርኳት። ጓደኛ ነበረችኝ አልኳት። 1998 የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ቤታቸውን ወሰደው፤ ያ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው በልቷል። ከዚያ ወዲህ የሌሊት ውሃ ድምፅ ትፈራ ነበር። ዝናብ ከሆነ እኛ ቤት መጥታ ታድር ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ያቺው ልጅ በኦቦክ በኩል፣ በሌሊት፣ በጀልባ ሄደች። ከጎኗ አንዲት ልጅ ነበረች።

«ልጅቷ ምን ሆነች?» አለችኝ።

አላውቅም አልኳት።

«እንዴት አታውቂም? አልነገረችሽም?»

ልትነግረኝ ስትል አስቆምኳት አልኳት። ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አልተቆጣችም። «እኔንም እንደዚያ ይሉኛል» ብቻ አለች። ከዚያ ሒሳቧን ከፍላ ወጣች። ያን ቀን ስሙኒ አላለችም።

ባለፈው ሳምንት ክፍሏ ወሰደችኝ። ሁለት ጆንያ አንድ ላይ ሰፍታ ትልቅ ሥዕል ጀምራለች። ግድግዳውን ሞልቶታል። ግራው ባሕር ነው። የኔው ሰማያዊ ነው፤ ግን ነጭና ትንሽ ቢጫ ጨምራበት ዓይን የሚወጋ የቀትር ባሕር አድርጋዋለች። የጀልባዋን ጠርዝ የያዙ እጆች ይታያሉ። የእናቷን እጅ በቀለበቱ ለየሁት። ቀኙ ግን ባዶ ነው። ጀሶ ብቻ፣ ነጭ። ስፌቱ መሃል ለመሃል እንደ ድንበር ይወርዳል። መቼ ትጨርሺዋለሽ አልኳት።

«እኔ የተሻገርኩት በቀን ነው» አለችኝ። «የሌሊቱን አላየሁትም። ያላየሁትን አልስልም። ጓደኛሽን ጠይቂልኝ።»

ልጠይቅሽ እንግዲህ። ባሕሩ በሌሊት ምን ዓይነት ነው? ድፍን ጥቁር ነው ወይስ የሚታይ ነገር አለው? ድምፁ እንደ ደቻቱ ነው? ከጎንሽ የነበረችው ልጅ ስሟ ማን ነበር? ለሥዕሉ እንዲሆን ካልፈለግሽ ለሷ አልነግራትም፤ ነጩ ነጭ እንደሆነ ይቅር። ለኔ ግን ንገሪኝ።

ቁጥሬ ያው ነው። ሱቅ የምዘጋው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ልጆቹ ሦስት ሰዓት ይተኛሉ። ከዚያ በኋላ በፈለግሽው ሰዓት ደውይ። አላቋርጥሽም።

ያንቺው