ጋቢው የእርስዎ ነው፣ አባባ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎን እንዴት ያደርግዎታል? እኔም ልጆቹም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። የጥር 13ቱን ዝግጅት በስልክ ልነግርዎ ጀምሬ ኔትዎርኩ ሁለት ጊዜ ተቋረጠብኝ። ነገሩም በጩኸት የሚወራ አይደለምና ጻፍኩት። የሚያነብልዎ ልጅ ቀስ ይበል፤ እርስዎም እንደ ድሮው «እዚያች ላይ መለስ በል» ይበሉት።

ችግኝ ስናፈላ፣ ዶሮ ስናረባ ያደግንበት የክበባችን ልጆች ከተበተንን ወዲህ እንዲህ ተሰባስበን አናውቅም። ለጥምቀት ከአዲስ አበባም ከመተማም ያለው ሁሉ ጎንደር ይገባል፤ ስለዚህ ቃና ዘገሊላ ሚካኤል በገባ ማግስት ለሽልማቱ አዘዞ አዳራሽ ተከራየን። ከደምቢያ የመጡት ሌሊት ተነሥተው ነው የደረሱት። እርስዎም መምጣት ነበረብዎ፤ ግን በዚያ ጉልበት መኪና ላይ ላወጣዎ አልደፈርኩም።

መጀመሪያ የተሸለመው ማን መሰለዎ? እኔ ከሐኪሞቹ ወይም ከመሐንዲሱ አንዱ ይሆናል ብዬ ነበር። የተጠራው ግን ከቀዬው ንቅንቅ ያላለው፣ ያ የማኅበር ባልንጀራዎ የመጨረሻ ልጅ ነው። ጤፍ በመስመር የዘራ ጊዜ «መሬቱን ባዶውን አስቀረው» ብለው ያዘኑለት እሱ። በብተና ለሄክታር ከ25 እስከ 30 ኪሎ ዘር የሚፈልገውን እሱ በ5 ኪሎ ገደማ ሲያዳርስ ማን ያምናል? ቁንጮ የሚሉትን ዘር እያባዛ ጎረቤቱን ሁሉ ዘር ያበደረ ልጅ ሆኗል። ደስ ያለኝ ደግሞ እውነቱን አለመደበቁ ነው፤ በመስመር መዝራት ጉልበት እንደሚበላ፣ ሰው ካላገኘ ሁሉን ማሳ እንደዚያ እንደማይዘራ፣ ለዘር የሚይዘውን ብቻ እንደሚለይ እዚያው መድረክ ላይ ተናገረ። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበለት። እሱን ማስቀደማቸው ልክ ነው እላለሁ። እኛ ስንሄድ ክበቡን ለታናናሾቻችን ያቆየው እሱ ነው፤ ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ ሃያ ልጅ ቤቱ ይሰበሰባል።

የመሪጌታም ልጅ ነበረ፤ አሁን ወባ ላይ ይሠራል። አያቴ ይሉት የነበረውን፣ ደምቢያን ወባ በሺዎች የፈጀበትን ዘመን አነሣ። ከዚያ በኋላ ነው በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የጤና ኮሌጅ የተከፈተው፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው። «እኔ የተማርኩበት ቤት የተሠራው በአያቶቼ ሞት ነው» ሲል እናቱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ቀጥሎ «የክበቡ ወዳጆች» ተባለ። የመጀመሪያው ስም የእርስዎ ነበር፣ አባባ።

ለችግኝ ጣቢያ የጌሾውን ዳር ከጓሮዎ ቆርሰው የሰጡትን ሁሉም ያስታውሳል። በፕላስቲኩ አፈር፣ ፍግና አሸዋ እየሞላን የደረደርንበት፣ ውኃ ስናመላልስ ጭቃ ያደረግነው ቦታ። ይህን መድረክ መሪው ተናገረ። እኔ ግን ጋቢውን ልቀበልልዎ ስወጣ ሌላ ነገር ይዤ ወጣሁ፤ የዶሮ ደብተሬን።

ትዝ ይልዎታል? ክበቡ ለያንዳንዳችን መዝገብ ያዙ ብሎን ነበር፤ ቀን፣ የበሉት፣ የጣሉት፣ የተሸጠው። እርስዎ ፊደል ባይቆጥሩም ማታ ማታ ከኩራዙ አጠገብ «በይ አንብቢ» ይሉኝ ነበር። «ዛሬ አራት እንቁላል። ገብስማዋ አልጣለችም።» እርስዎም «ለምን?» ይላሉ፤ ጠዋት ሄጄ ገብስማዋን አያለሁ። ሰዎች «ሴት ልጅህን ክበብ ለክበብ ታውላታለህ፣ ለማን ልትድራት ነው?» ሲሉዎት ምን እንደመለሱላቸው አላውቅም። እኔን አንድ ቀን አልከለከሉኝም።

ያን ግንቦት ፈንግል የሚሉት የዶሮ በሽታ ገብቶ አሥራ አንዱን በአምስት ቀን ሲፈጅብኝ ደብተሩን ከአልጋው ሥር ወረወርኩት። ለመስከረም ደብተርና ጫማ የምገዛው በነሱ ነበር። ማታ እንደ ልማድዎ «ደብተሩን አምጪው» አሉኝ። «ምን ይጻፍበታል አባባ፣ ሞተዋል እኮ» አልኩ። «የሞቱበትን ጻፊያ። ማን ቀድማ ታመመች? ምን አሳየች?» አሉኝ። እያለቀስኩ ጻፍኩ። ገጹ አሁንም እንባ የፈሰሰበት ቦታ ላይ ቀለሙ ተበትኗል። «ቀዩ አውራ ቀደመ። ክንፉን ጣለ። አረንጓዴ ቀዘነ። በሦስተኛው ቀን አንገቱ ተቆለመመ።»

ያችን ገጽ ነው መድረክ ላይ ያነበብኩት። ከዓመታት በኋላ የእንስሳት ሕክምና ክፍል ገብቼ መምህሩ የፈንግልን ምልክት ሰሌዳ ላይ ሲዘረዝር፣ ሦስቱንም እኔ አስቀድሜ እቤታችን ጽፌያቸው ነበር። ለዚያ ያበቃኝ የእርስዎ ጥያቄ ነው። ይህን እስከ ዛሬ ፊት ለፊት አልነገርኩዎትም፤ ለሦስት መቶ ሰው ከነገርኩ በኋላ ለእርስዎ መጻፌ ከብዶኛል፣ ይቅር ይበሉኝ።

እልልታውን ቢሰሙት! ከደምቢያ የመጡት ሴቶች አላቆም አሉ። አንዱ ሽማግሌ ጋቢውን ከእጄ ተቀብለው «በእሱ ፈንታ ልጅቱ ትልበሰው» ብለው ትከሻዬ ላይ ጣሉት። ለብሼው ተቀመጥኩ፤ ቤት ስደርስ ግን አጥፌ አስቀመጥኩት። ጥለቱ ሰማያዊ ነው፣ እርስዎ የሚወዱት። የጥር ብርድ ሳይወጣ እንዲደርስዎ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ። ለቤተ ክርስቲያን ብለው ሳጥን ውስጥ እንዳያኖሩት፤ ጉልበትዎ ላይ ያድርጉት።

አንድ ነገር ደግሞ ላስቸግርዎ። መንገዱ ደኅና ከሆነ የፊታችን ቅዳሜ እመጣለሁ። የፈንግሉን ክትባት ይዤ ነው የምመጣው። ቢሾፍቱ የሚመረት ነው፤ አንዲት ጠብታ ዓይኗ ላይ ጠብ ማድረግ ብቻ ነው፤ በየሦስት በየአራት ወሩ ይደገማል። የክበቡን ልጆች ላሠለጥናቸው ተስማምተናል፣ መጀመሪያም ከእርስዎ ቤት እንጀምራለን። ስለዚህ ያን ለት ማለዳ ዶሮዎቹን እንዳይለቁብኝ፤ ከቆጥ ሳይወርዱ ነው የምንይዛቸው። ልጆቹ ደብተር ይዘው ይመጣሉ። የኔንም አመጣዋለሁ፤ ማታ ከገጽ አንድ ጀምሬ አነብልዎታለሁ።

የምትወድዎ ልጅዎ
ጎንደር፣ ጥር 16 ቀን