ከገንዘብ ያዥሽ

ይድረስ ለልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔና እናትሽ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አውቃለሁ፣ ትናንት ማታ እዚሁ ራት በልተሽ ነው የሄድሽው። ግን ደብዳቤ እንዲህ ነው የሚጀመረው፤ ሌላ አጀማመር አላውቅም። ቀስ ብለሽ አንብቢው። ፊደል ባስቆጠርኩሽ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው።

ትናንት ራት ላይ «አባዬ፣ ቅዳሜ ለምን የበዓሉ ሰልፍ ውስጥ ገባህ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። «ጋሪው ከብዶሽ አይቼ» አልኩሽ። ከረሜላ የጫነ የልጅ ጋሪ እንደማይከብድሽ ሁላችንም እናውቃለን። እናትሽ ቀና ብላ አየችኝና ዝም አለች። ትክክለኛውን መልስ በአፌ ማውጣት ስላቃተኝ ነው የምጽፍልሽ።

ከግንቦት ልጀምር። «አባዬ፣ የምርጫ ዘመቻዬ ገንዘብ ያዥ ሁነኝ» ስትዪኝ የሳቅኩት ሳቅ እስካሁን ይቆረቁረኛል። «የእድሩ ደብተር ይበቃኛል። ደግሞ ለሚሸነፍ ሰው ምን የሚያዝ ገንዘብ አለ?» አልኩሽ። አንቺም ሳቅሽ። አንቺ ስትሄጂ እናትሽ ወጡን እያማሰለች፣ ፊቷን ሳታዞር «አንተ ሰውዬ፣ ፈርተህ ነው» አለችኝ።

በሳምንቱ እሺ አልኩሽ፤ ደብተሩንም ያዝኩ። ግን ልብ ብለሽ ከሆነ ከደብተሩ አላለፍኩም። በር ልታንኳኪ ስትሄጂ እነዳልሻለሁ፣ ከመኪና ግን አልወርድም።

የምፈራው መሸነፍሽን መስሎሽ ይሆናል። እሱንማ ከመጀመሪያውም ተቀብዬዋለሁ። በዚህ ዲስትሪክት በዴሞክራት በኩል ለስቴቱ ምክር ቤት መወዳደር ምን እንደሆነ አንቺም እኔም እናውቃለን። ከከተማችን ከወርዚንግተን ወጣ ካልሽ በቆሎ ነው። ከበቆሎው ቀጥሎ አኩሪ አተር፣ ከዚያ በነፋስ የሚዞሩት ማማዎች፣ ከዚያ ደግሞ በቆሎ። የጠጠሩን መንገድ ይዘሽ ስትሄጂ በየመታጠፊያው የሚታየው የሌላው ፓርቲ ምልክት ነው። ድሮ እንዲህ አልነበረም ይላሉ። የፓርቲያችሁ ስም ራሱ ምስክር ነው። ሚኒሶታ ውስጥ «ዴሞክራቲክ ፋርመር ሌበር» ነው የሚባለው፤ በፈረንጆቹ 1944 ዴሞክራቶቹና የገበሬና የሠራተኛው ፓርቲ ሲዋሃዱ የወጣ ስም። ገበሬው ስሙ ላይ ቀርቷል እንጂ ድምፁን ይዞ ከሄደ ቆይቷል። በኋላ የስቴቱ ገዥ የሆነው ቲም ዋልዝ በ2006 ከዚሁ ከደቡቡ ክፍል ኮንግረስ ሲገባ የማንካቶ አስተማሪ ነበር። ኮሊን ፒተርሰን ምዕራቡን የገበሬ አገር ወክሎ 30 ዓመት ኮንግረስ ከተቀመጠ በኋላ በ2020 ተሸነፈ። እንዲህ ያለ ሰው እንኳ ባልቻለበት ሰዓት ነው አንቺ የተነሳሽው።

ለማንኛውም፣ የእኔ ፍርሃት ከዚህ አገር አልመጣም። ያልነገርኩሽ ነገር አለ።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. አንቺ የ6 ዓመት ልጅ ነበርሽ። ጎጃም ውስጥ እኔ አማርኛ የማስተምርበት የገጠር ትምህርት ቤት የምርጫ ጣቢያ ሆኖ ነበር። እኔ የተቃዋሚው ታዛቢ ነበርኩ። የ4ኛ ክፍልን ዴስኮች ወደ ግድግዳ ገፍተን በፋኖስ ነበር የቆጠርነው። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ዓርብ ዕለት ያስተማርኩት የግስ ትምህርት ሳይጠፋ እንዳለ ነበር። ሰው ከሌሊት ጀምሮ ነው የተሰለፈው። አንዲት አሮጊት ጎንበስ ብለው መሬቱን ስመው ሲገቡ አይቻለሁ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ቆጠራው አለቀ። በእኛ ጣቢያ አሸንፈን ነበር። ወረቀቱ ላይ ፈረምኩ። በር ላይ ተለጥፎ ፊርማዬን ሳየው ልቤ ሞቀ።

ከዚያ ጎረቤት ሰላምታ ማሳጠር ጀመረ። ጥቅምት 98 መጨረሻ ላይ «አባዬ ስብሰባ ሄዷል» ተብለሽ ነበር፤ ታስታውሺው እንደሆነ አላውቅም። ስብሰባ አልሄድኩም። ታስሬ ነው። 23 ቀን። ከተፈታሁ በኋላም መኪና የማይደርስበት ትምህርት ቤት ተዛወርኩ። አያትሽ ሞሰቧን ይዛ ስትመጣ የምትለኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ»። በሚቀጥለው ምርጫ፣ በ2002፣ ከ547 ወንበር ለተቃዋሚ ፓርቲ የደረሰው 1 ብቻ ነው። ያን ውጤት በሬዲዮ ስሰማ አልተናደድኩም። እሷ ነች ትክክል፣ እኔ ነኝ ሞኝ አልኩ። የተሰበርኩት እስር ቤት ሳለሁ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ያን ቀን ነው።

ከዚያ ዲቪ ደረሰንና እዚህ መጣን። ፆም ገደፈ እንዳይባል የሚጠነቀቅ የተዋሕዶ ልጅ አሳማ ቄራ ገባ። ለአያትሽ እስክትሞት ድረስ «ሥጋ ቤት ነው የምሠራው» ነው ያልኳት። የምን ሥጋ እንደሆነ አልጠየቀችኝም፤ እሷም ጠርጥራ ነበር መሰለኝ። ዜግነት ካገኘሁ በኋላም ቢሆን ድምፅ አልሰጠሁም። በፈረንጆቹ 2016 አለፈኝ። 2018 አለፈኝ። ለእናትሽ «ሺፍት አልተመቸኝም» እላታለሁ።

መጀመሪያ ድምፅ የሰጠሁበትን ታውቂያለሽ? የትምህርት ቤቱ ማስፋፊያ ነው። አንቺ ስትማሪ ክፍሉ ሞልቶ፣ መምህራን ቦታ አጥተው፣ ግብር ጨምሩና እንሥራ ሲባል የከተማው ሰው እምቢ አለ። እንደገና ቀረበ፣ እምቢ። 5 ጊዜ ወደቀ። በ6ኛው፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 2019፣ ለጥቂት አለፈ። ያኔ አንቺ ተመርቀሽ ከወጣሽ ቆይተሻል። ከ97 ወዲህ የመጀመሪያ ድምፄ ነበር፤ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስጨርስ አንዲት ፈረንጅ ባልቴት «ድምፅ ሰጥቻለሁ» የሚል ቀይ ተለጣፊ ሰጡኝ። ማንም ስሜን አልጻፈም። እንዲያውም አልነገርኩሽም እንጂ ተለጣፊው እድሩ ደብተር ውስጠኛ ሽፋን ላይ አለ።

እና እዚህ አገር ተሸናፊ ቢያፍር እንጂ ሌላ ነገር አያገኘውም ብዬ አርፌ ነበር። ከዚያ ያ ቅዳሜ መጣ። ሰኔ 7 ቀን 2017፣ በዚህ አገር አቆጣጠር ጁን 14፣ 2025። ሜሊሳ ሆርትማን፣ የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ የነበረችው፣ ከባሏ ጋር ብሩክሊን ፓርክ ቤታቸው ውስጥ ተገደለች። ገዳዩ ፖሊስ መስሎ ነው በሩን ያንኳኳው። በዚያው ሌሊት የስቴቱ ሴናተር ጆን ሆፍማንና ባለቤቱ ተመተው ተረፉ። እኔ ዜናውን መኪና ውስጥ ነው የሰማሁት። ሞተሩን አጥፍቼ ብዙ ቆየሁ። «መወዳደር እያሰብኩ ነው» ብለሽ ከነገርሽን ገና ብዙም አልቆየም ነበር። በሳምንቱ ቤትሽ በር ላይ ካሜራ ስገጥም «ለፖስታ ሌባ ነው» ያልኩሽ ውሸት ነው።

እንግዲህ ፍርሃቴ ይህ ነው። ምክንያት የለውም እንዳትዪኝ። ጠፋ ብዬም አልዋሽሽም።

ግን ነሐሴ ላይ አንድ ነገር አየሁ። ያ የጠጠር መንገድ መጨረሻ ላይ ያለው ሰማያዊ ጎተራ ያለበት ቤት። ውሻው ሲጮህ እኔ መስኮቱን ዘጋሁ። ሰውዬው ቱታ ለብሶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ። ከሩቅ ነበር የማየው፤ ድምፅ አይሰማኝም። ራሱን ሲነቀንቅ አየሁ። አለቀ፣ ትመጣለች ብዬ መኪናውን አስነሳሁ። አንቺ ግን ቆምሽ። አወራችሁ። እሱ እጁን ወደ መንገዱ እየጠቆመ፣ አንቺ ማስታወሻሽ ላይ እየጻፍሽ። መኪናውን መልሼ አጠፋሁ። 25 ደቂቃ።

ስትመለሺ ጭንሽ ላይ ከረጢት ሙሉ እሸት ነበር። «አይመርጠኝም» አልሽኝ። «ቀጥታ ነገረኝ። ግን እናቱን የሚያስገባበት የአረጋውያን መጦሪያ አጥቶ 60 ማይል ርቆ ነው ያስገባት። በየቀኑ ነው የሚመላለሰው።» አንቺ ነርስ ስለሆንሽ ምን እንደጠየቅሽው እገምታለሁ። ያን እሸት ማታ እናትሽ ጠበሰችው። እየበላሁ የማስበው ሰውዬውን ነበር። እንደማይመርጥሽ በግልጽ ነግሮሽ፣ የእናቱን ነገር አጫውቶሽ፣ እሸት ሸክፎ ሰጠሽ። እኔ በኖርኩበት አገር ያልመረጥኩት ሰው ቤት ደጃፍ ላይ እንዲህ ቆሜ አላውቅም። እሱም እኔን እንዲያ አላቆመኝም።

የፓርቲሽ ሰዎች ደግሞ የሚሉት ሌላ ነው። «ብንሸነፍም በጠባቡ እንሸነፍ» ይላሉ። ገጠር ላይ የሚገኝ እያንዳንዱ ድምፅ ለስቴቱ ገዥ ምርጫ ይደመራል፤ ባዶ የተተወ ወንበር ካለ ግን ሰዉ ከቤቱም አይወጣም፤ ሌላው ወገንም ገንዘቡን ወደ ሌላ ቦታ ያሸሻል። ሒሳቡ ልክ ነው። ግን ልጄ ለሌላ ሰው ድምፅ መልቀሚያ ቅርጫት ናት እንዴ ብዬ ተናድጃለሁ። ደግሞ ሚኒያፖሊስ ቁጭ ብለው የሚመክሩት ሰዎች እስካሁን የላኩልሽን ገንዘብ እኔ ነኝ የማውቀው። ደብተሩ እኔ ጋ ነው።

በፈረንጆቹ 2024 ሁለቱ ፓርቲዎች ከስቴቱ ምክር ቤት 134 ወንበር እኩል 67 ለ67 ሲወጡ፣ ሻኮፒ ከተማ ላይ አንዱ ወንበር ከ20 ባነሰ ድምፅ መወሰኑን ነግረሽኛል። የእኛ በ20 ድምፅ አይወሰንም ልጄ። እኔ ቆጣሪ ነኝ።

እና ቅዳሜ ላይ ደረስን። ዕንቁጣጣሽን ባከበርን ሰሞን መሆኑ ነው፤ ቤቱ ገና ቄጤማ ቄጤማ ይላል። ኪንግ ተርኪ ደይ። በዚህ ሁሉ ዓመት የገባኝ የከተማው በዓል ይህ ብቻ ነው። ተርኪ የሚሉትን ትልቅ ዶሮ መሰል ወፍ ከቴክሳስ ተርኪ ጋር ሲያሽቀዳድሙ ማየት! የእኛው «ፔይቼክ» ይባላል፤ ከደሞዝ በላይ የሚሮጥ ነገር የለም ብለው ነው ያወጡለት። ለዚህ ቀልድ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

እግረኛ መንገዱ ላይ ቆሜ ሰልፉን እቆጥር ነበር። የታዛቢ ልማድ ነው፤ አይለቅም። ተቃዋሚሽ አለፈ፦ ትራክተር፣ ከኋላው አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሰ ከ40 የማያንስ ሰው። ቀጥሎ ማርሽ ባንዱ። ቀጥሎ አንቺ። 7 ነበራችሁ፤ አንዱ ውሻ ነው። ባነሩን የያዙት ሁለቱ ሽማግሌዎች አልተናበቡም፣ ስምሽ መሐሉ ላይ ታጥፎ ግማሹ ብቻ ይነበባል። አንቺ በአንድ እጅ ጋሪ እየጎተትሽ፣ በሌላው ሰላምታ እየሰጠሽ። እንደ ሠርግ ቀን ትስቂያለሽ።

ባነሩን እንዲወጥሩት በምልክት ልነግራቸው ነበር የወረድኩት። እውነቴን ነው። አንድ እግሬ አስፋልቱን ሲረግጥ ግን ያ 4ኛ ክፍል፣ ያ ፋኖስ፣ ያ በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት መጣብኝ። ሰው ሁሉ ያየኛል ብዬ ዞር አልኩ። አዎ፣ አይተውኛል። ቄራው ውስጥ መሥመር ላይ አብሮኝ የሚቆም ሜክሲኳዊ ልጅ እጁን እያውለበለበ ስሜን እየጠራ ነበር። ከዚያ ጋሪውን ተቀበልኩሽ። 8 ሆንን።

አሁን ወደ ሥራ። ከ20 ዶላር በላይ የሆነ መዋጮ ሁሉ ስምና አድራሻው መጻፍ አለበት፤ ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የተቀበልሽውን ብር ከነስሙ አምጪልኝ፣ «አንድ እትዬ ሰጡኝ» አይሠራም። የሰውዬው እሸት 20 ዶላር ስለማይሞላ መመዝገብ አልነበረበትም። እኔ ግን መዝግቤዋለሁ፤ ከእድሩ ደብተር ኋላ፣ ተለጣፊው አጠገብ፣ በአማርኛ።

ድምፅ መስጠት ዓርብ ይጀመራል፤ እናትሽና እኔ አንድ ላይ እንሄዳለን። ማክሰኞ ደግሞ ከሥራ ስትወጪ እመጣለሁ። የቀሩትን የጠጠር መንገድ ቤቶች አብረን እናንኳኳ። መኪና ውስጥ አልቀመጥም። ውሻ ግን አሁንም እፈራለሁ፤ ከፊት ከፊት አንቺ ሂጂ።

አባትሽ