የአውቶ ጥገና ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ከቁልፉ በፊት ጌጁ

ክበባችን ዘንድሮ ዘይት መቀየርና ባትሪ መፈተሽ ተለማምዷል። ልባችንን የወሰደችው ግን ዳሽቦርድ ላይ የምትበራ አንዲት ቢጫ መብራት ናት፤ የፈረስ ኮቴ የምትመስል፣ መሐሏ ላይ ቃለ አጋኖ ያለባት፣ የጎማ አየር መጉደሉን የምትናገር።

በመለማመጃ መኪናችን ላይ በራች። አንድ ተማሪ ፈጠን ብሎ የማስተካከያ ቁልፉን ተጭኖ ሲይዘው ሦስት ጊዜ ብልጭ ብላ ጠፋች። ክፍሉ በጭብጨባ ቀለጠ። የጎማ አየር መለኪያውን፣ ጌጁን፣ አቀበልኩት። ሦስቱ ጎማዎች በሹፌሩ በር ላይ እንደተለጠፈው 33 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ አሃድ) ሲሆኑ የኋላ ቀኙ 24 ላይ ቆመ። ሁሉም ዝም አለ።

«ታዲያ ለምን ጠፋች?» የሚለው ጥያቄ አንድ ወር ሙሉ ይዞን ቆየ። የዚህ መኪና ጎማዎች ውስጥ ግፊት የሚለካ ሴንሰር የለም፤ ለኤቢኤስ (ሲፈረን ጎማ እንዳይቆለፍ ለሚከላከለው) ፍሬን የተገጠሙት ሴንሰሮች የእያንዳንዱን ጎማ ፍጥነት ያነባሉ። አየር የጎደለው ጎማ ስለሚረግብ ከሌሎቹ ፈጥኖ ይሽከረከራል። ቁልፉን መጫን ደግሞ «አሁን ያለውን እንደ ልክ መዝግብ» ማለት ነው። መኪናውም ጉድለቱን ልክ አድርጎ መዘገበው። ይህንን በዓይናችን ለማየት የኋላ ጎማዎቹን በጠመኔ ምልክት አድርገን መኪናውን እየገፋን አሥር ዙር ቆጠርን። የጎደለው ከግራው ቀድሞ ጨረሰ። ልዩነቱ ጥቂት ሴንቲሜትር ቢሆንም ተማሪዎቹ ተንበርክከው ለኩት። ከዚያ አየሩን ሞልተን ቁልፉን በትክክል ተጫንን።

በሁለተኛው መንፈቅ ከአሮጌ ቸርኬ ላይ ሌላውን ዓይነት ፈታን፦ በቫልቩ ሥር ተገጥሞ ግፊቱን በሬዲዮ የሚልክ ሴንሰር። ባትሪው እንደ አጠቃቀሙ ከ5 እስከ 10 ዓመት ይቆያል። ሲያልቅ መብራቷ ሞተር ሲነሣ ለአንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ብላ በዚያው በርታ ትቀራለች። ይህ የሥርዓቱ ብልሽት ስለሆነ አየር መሙላት አይፈታውም።

አንድ ነገር አሁንም ያሳስበኛል። በአሜሪካ ደንብ መብራቷ የግድ መብራት ያለባት ግፊቱ ከተመከረው በ25 በመቶ ሲያንስ ነው፤ ለእኔ ይህ በጣም የዘገየ ነው። 33 መሆን ያለበት ጎማ 25 ገደማ እስኪወርድ ዝም ልትል ትችላለች። ስለዚህ ተማሪዎቹ በየወሩ፣ መኪናው ቢያንስ ሦስት ሰዓት ቆሞ ጎማው ሲቀዘቅዝ መለካት ጀምረዋል። ለሚቀጥለው ዓመት የምንጠይቀው ሁለተኛ ጌጅ ነው፤ ያለን አንድ ብቻ ነው፣ ወረፋውም ረዝሟል።