የእድሩ ቤት ወርክሾፕ ጣሪያ፦ በድጋሚ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ለተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ ፒያሳ ለቀራችሁትም በየሳይቱ ለተበተናችሁትም፦

ይሄ ሦስተኛው ጥሪያችን ነው። መጠየቅ ሰልችቶናል፤ እናንተም መጠየቅ እንደሰለቻችሁ እናውቃለን። ግን ነሐሴ ላይ የወረደው በረዶ የልጆቹን ወርክሾፕ ጣሪያ ከነማገሩ ይዞት ወረደ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቀኑ እሁድ ስለነበር ውስጥ ማንም አልነበረም። ሰፈሩ በ2016 ከፈረሰ ወዲህ መዋጮው ቀንሷል። ትምህርት ሊከፈት ነው፤ የተሰበሰበው ብር ግን ግማሽ እንኳን አልሞላም።

«ጣሪያው እንደበሰበሰ እያወቃችሁ ለምን ዕቃ ገዛችሁ?» የሚል ጥያቄ ተደጋግሞ ተነስቷል። ተገቢ ጥያቄ ነው። አምና በተሰበሰበው ብር መዶሻ፣ መጋዝ፣ ሁለት ባለስፕሪንግ ሚዛንና አንድ መሰርሰሪያ ገዝተናል። ኩሽኔታውንና ቁርጥራጭ ብረቱን ከምናለሽ ተራ በርካሽ አመጣን፤ ማጓጓዣውን ከኪሳችን ከፈልን። ደረሰኙ ሁሉ ገንዘብ ያዧ ጋ አለ፤ መጥታችሁ እዩ። ጣሪያው አንድ ክረምት ይችላል ብለን ነበር። ተሳሳትን።

ዕቃው ግን ሥራ ላይ ውሏል። ግንቦት ላይ ልጆቹን ይዘን ቴዎድሮስ አደባባይ ወረድን። እዚያ የቆመውን የሴባስቶፖል አምሳያ ሁላችንም በታክሲ እያለፍን ነው የምናየው። ዋናው መድፍ 70 ኩንታል ገደማ ይመዝናል ይባላል። ከጋፋት መቅደላ ድረስ በሰው ጉልበት ተጎትቶ በ1860 ዓ.ም. ገባ። «እንዴት?» አልናቸው። መልሱን ሳንነግራቸው ተመለስን።

በማግስቱ 20 ኪሎ ድንጋይ ሳንቃ ላይ አስቀምጠው በሚዛን ጎተቱ። መርፌው 9 ኪሎ ሲደርስ ነው ድንጋዩ ንቅንቅ ያለው። አንዲት የ7ኛ ክፍል ልጅ የመጥረጊያ እንጨት ቆራርጣ ከሥሩ ደረደረች። አሁን 2 ኪሎ እንኳን አልሞላም! ሚዛኑ ተበላሽቷል ብላ ሌላውን አመጣች። ያው ነው። ሰበቃ፣ ማለትም ሁለት ነገር ሲተሻሽ እንቅስቃሴውን የሚይዘው ኃይል፣ ምን እንደሆነ ያን ቀን ገባት። እኔ እንኳ በልጅነቴ ሸምድጄ ነው ያለፍኩት። ከዚያ ወዲህ ባለ ኩሽኔታ ጋሪ ሠርተዋል። 10 ሜትር በጠመኔ ለክተው በሞባይል ሰዓት ይይዛሉ፤ ጭነት ሲጨምሩበት በዚያው ግፊት ምን ያህል እንደሚዘገይ ይመዘግባሉ። ፍሬኑ ላይ ገና አልተስማሙም።

ጣሪያው ሲወድቅም ዝም አላሉም። አንዱ ከጎን ካለው ክዳን ላይ በረዶውን በባልዲ ሰፍሮ መዘነ። በካሬ ሜትር 30 ኪሎ ገደማ መጣ። የእኛ ጣሪያ 40 ካሬ ነው፤ 12 ኩንታል ማለት ነው፣ ያውም በበሰበሰ እንጨት ላይ። አሸንዳው በቅጠል ተደፍኖ ስለነበር ውሃውም ተጨምሮበታል። አሸንዳውን መጥረግ የኮሚቴው ሥራ ነበር፤ አንደብቅም።

ቆርቆሮውን አንድ አባላችን ችሎልናል፤ እግዜር ይስጠው። ለሙራሌ፣ ለምስማር፣ ለአሸንዳና ለአናጢው የጎደለን 85,000 ብር ነው። ሐዘን ሲሆን ድንኳን ለመትከል ማናችንም አንቀርም። አሥራት ስታወጡም፣ ሰደቃ ስትሰጡም እነዚህን ልጆች አስቧቸው።

እባካችሁ፣ ብሩን በእድሩ ስም በተከፈተው የባንክ ሂሳብ ብቻ አስገቡ። ቁጥሩ በመዋጮ ደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አለ። የኮሚቴ አባል ነኝ የሚል ሰው ቢደውልላችሁም በግል ስልኩ በቴሌብር አትላኩ። ምክንያት በሚለው ቦታ «ጣሪያ» ብላችሁ ጻፉ። ባለፈው ሳይጻፍበት የገባው ከወርሃዊ መዋጮ ጋር ተቀላቅሎ፣ ለመለየት ሁለት ሳምንት ፈጅቶብናል። ደግመን እንላለን፦ በእድሩ ሂሳብ፣ «ጣሪያ» ተብሎ፤ ደረሰኙን ለጸሐፊው አሳዩ።

ብር ያጠረው ጉልበት ያምጣ። ቅዳሜ ጠዋት በ2 ሰዓት ፍርስራሹን እናነሳለን። ጓንት ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ የዛገ ምስማር በየቦታው አለ።