ሻንጣ ተቀምጦ እናት አይቁሙ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከጎንደር ነው። ሥራዬ አስጎብኚነት ነው። እንግዳ ይዤ ወደ ላሊበላም፣ ወደ አክሱምም፣ ወደ አዲስ አበባም ስለምመላለስ አዘዞ ያለው የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያና ቦሌ ብዙ ሰዓት የማሳልፍባቸው ቦታዎች ናቸው። ልጻፍ ልጻፍ እያልኩ የቆየሁት ነገር አለ። ጥምቀት ደርሶ ሰዉ ከመብዛቱ በፊት ልጻፈው። ጉዳዩ በመጠበቂያ አዳራሽ ውስጥ የሚታየው ጠባያችን ነው።

በተጻፈው ሕግ ላይ ብዙም ችግር የለብንም። ለውጭ በረራ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ በእጅ አይያዝም ሲባል እንተዋለን። ፓወር ባንክ በሚጫነው ሻንጣ አይገባም ሲባል አውጥተን በእጃችን እንይዛለን። ጫማና ቀበቶ አውልቁ ሲባል እናወልቃለን። ፈታሹ ፊታችን ቆሟላ! ከፍተሻው ካለፍን በኋላ ግን እንዲህ አድርጉ የሚለን ሰው የለም። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ከወንበር ልጀምር። ባለፈው ክረምት በረራ በደመና ምክንያት ዘግይቶ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። አንዲት እናት ትልቅ የራጅ ፖስታ ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ነጠላቸው ከትከሻቸው ሲንሸራተት በአንድ እጃቸው ይመልሱታል። ፖስታውን ግን አይለቁትም። ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱ ናቸው። ልክ ፊት ለፊታቸው አንዱ ወንበር ላይ የላፕቶፕ ቦርሳ፣ አንዱ ላይ ጃኬት፣ አንዱ ላይ በፌስታል የተቋጠረ ምሳ ተቀምጧል። ባለቤቱ አራተኛው ላይ ሆኖ ስልኩን ይነካካል። ክፉ ልጅ አይመስልም፤ ቀና ብሎ አላየም፣ በቃ። ጠጋ ብዬ «ወንድሜ፣ ለእናታችን ቦታ ትለቅላቸዋለህ?» ስለው ደንግጦ ብድግ አለ። ዕቃውን ሁሉ እየሰበሰበ «ይቅርታ እናቴ፣ አላየሁዎትም» አላቸው። መርቀውት ተቀመጡ።

ያ ልጅ ልቅሶ ቤት ወይም ማኅበር ላይ ቢሆን ኖሮ እኚያ እናት ሲገቡ ከሁሉም ቀድሞ «ኖር!» ብሎ የሚነሳ ነው። እሳቸውም «በእግዜር» ብለው አረፍ ይላሉ። ይህን ማንም ሊያስተምረን አያስፈልግም፤ ከእናት ከአባታችን ይዘነው ያደግነው ነው። ታዲያ አዳራሹ ውስጥ ምን ነካን? እኔ እንደሚመስለኝ ቦታው የኛ አይመስለንም። የፈረንጅ ቦታ ነው ብለን እናስብና የራሳችንን ወግ ከበር ውጭ ጥለነው እንገባለን። የፈረንጁን ደግሞ አናውቀውም። መሃል ላይ ያለ ምንም ወግ እንቀራለን።

አዳራሹ ባዶ ሲሆን ሻንጣ ወንበር ላይ ቢቀመጥ ማንንም አይጎዳም። ሰው መቆም ከጀመረ ግን ቦርሳ ወደ መሬት፣ ካልሆነም ወደ ጭን ነው። ሽንት ቤት ለሄደ ሰው ቦታ መያዝ ያለ ነው። ቡና ሊጠጣ ለጠፋ ጓደኛ ግማሽ ሰዓት ሙሉ «ሰው አለው» እያሉ አላፊ አግዳሚውን መመለስ ግን ነውር ነው።

አሁን በአውሮፕላን የሚሄደውን ሰው ማሰብ አለብን። ከጎንደር አዲስ አበባ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በአውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው። ስለዚህ ዛሬ አዳራሹ ውስጥ የሚቀመጠው ባለሀብቱና ባለሥልጣኑ ብቻ አይደለም። ታማሚ አለ። ልጁ ከአሜሪካ ቲኬት የቆረጠላቸው አባት አሉ። መርዶ ሰምቶ ለልቅሶ የሚሮጥ አለ። ተበድሮ የተሳፈረም አለ። ብዙዎቹ ሲሳፈሩ የመጀመሪያቸው ነው።

አንድ አባት ፍተሻው ላይ ከዘራቸውን ማሽኑ ሲወስድባቸው አይቻለሁ። ከዘራው በጎማው ላይ ተንፏቆ ወደ ውስጥ ሲገባ አይናቸው አብሮት ሄደ። በባዶ እግራቸው፣ ያለ ምርኩዝ ቆመው ቀሩ። ከኋላ ያለው ሰልፈኛ «ይለፉ እንጂ አባት!» ይላል። አንዲት ልጅ ናት ክንዳቸውን ይዛ ያሻገረቻቸው። ከዘራቸውን ከወዲያ በኩል ተቀብላ ሰጠቻቸው፤ ጫማቸውንም ጎንበስ ብላ አሰረችላቸው። ጠቅላላው ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። አውሮፕላኑም ጥሏት አልሄደም።

ቀጥሎ ስልክ። እዚህ ላይ ትንሽ ልናገር፤ በጣም ስለሚያመኝ ነው። ቲክቶክ ድምፁ እስከ መጨረሻ ተለቆ። ቪዲዮ ኮል በስፒከር። «አልተነሳንም ገና! ትሰማኛለህ? አልተነሳንም!» አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይቀጥላል። የመሳፈሪያ ጥሪውን እንኳ መስማት ያቅታል። አንድ ጊዜ ጥቁር የለበሱ ሁለት እህትማማቾች እጅ ለእጅ ተያይዘው በዝምታ ያለቅሳሉ። ከኋላቸው አንድ ጎልማሳ የቀልድ ቪዲዮ እየደጋገመ ይከፍታል፤ ሳቁ አዳራሹን ይሞላዋል። ዞር ብሎ ቢያያቸው ኖሮ እንደሚያጠፋው አልጠራጠርም። ኀዘንተኛ ባለበት ድምፅ ዝቅ ማድረግን የማያውቅ ጎንደሬ የለም።

ኢርፎን ያለው ይሰካ። የሌለው ድምፁን አጥፍቶ ይይ። ስልክ የሚያወራ ሰው ተነስቶ ጥግ ላይ ቢያወራ ለራሱም ይሻለዋል፤ የቤቱን ገመና ሰው ሁሉ አይሰማበትም።

ችግሩን የሚያባብሰው ይሉኝታችን ነው። ሁሉም ፊቱን ያጨማድዳል፣ እርስ በርስ ይተያያል፣ የሚናገር ግን የለም። ከዚያ አንዱ ሲብስበት በቁጣ ይፈነዳል፣ ጠብ ይነሳል። መናገር ነውር አይደለም። «ወንድሜ ትንሽ ዝቅ አድርግልኝ፣ ራሴን አሞኛል» ወይም «እህቴ፣ እባክሽ ድምፁን ቀንሺው» ማለት በቂ ነው። እኔ እንዲህ ስል ክፉ የመለሰልኝ ሰው ትዝ አይለኝም።

ይህን ስል እንደ ድንጋይ ዝም እንበል ማለቴ አይደለም። አንዳንድ ውጭ የኖሩ ወገኖቻችን አጠገባቸው ላለው ሰው ሰላምታ አለመስጠትን እንደ ሥልጣኔ ያዩታል። በዚህ አልስማማም። ሲቀመጡ «እንዴት ዋላችሁ» ማለት የትም ቦታ ያምርብናል። ከሰላምታው በኋላ ግን የሰውየውን ፊት ማየት ነው። ዓይኑን የጨፈነውን፣ ጆሮው ላይ የሰካውን፣ መጽሐፍ የገለጠውን እንተወው። ራጅ ይዞ የተቀመጠን ሰው «ምንህን አሞህ ነው?» ብሎ ማፋጠጥም ይቅር። አንዱ ጠይቆ አራቱ መድኃኒት ያዛሉ፤ ሰውየው ይጨነቃል። ከፈለገ ራሱ ያወራል። ስለ ቪዛና ስለ ደሞዝም እንዲሁ ነው።

ምግብና መጠጥ ወዳለበት ልዩ ማረፊያ ክፍል፣ ወደ ላውንጅ ልምጣ። እንግዶቼን ተከትዬ አልፎ አልፎ እገባለሁ። አየር መንገዶች ላውንጅ መክፈት ከጀመሩ ቆይተዋል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1939 ኒው ዮርክ ላጋርዲያ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የተከፈተው የአሜሪካን አየር መንገድ ላውንጅ ነው፤ የሚገባበትም ተጋብዞ ነበር። የእኛ አየር መንገድ ደግሞ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ ተሳፋሪውና ጭነቱ አብሮ ነበር የሚሄደው። በዚያን ጊዜዎቹ ሲ-47 አውሮፕላኖች ውስጥ ወንበሩ በግራና በቀኝ የተዘረጋ አግዳሚ ነው። ሰዉ ፊት ለፊት እየተያየ፣ ዕቃው መሃል ላይ ታስሮ ይሄዳል። ዛሬ ቦሌ ላይ ሶፋ፣ ምግብ፣ ቡና ሁሉ ሞልቶ ይጠብቀናል። ይህን ማየት ደስ ይላል። አያያዙን ማወቅ ግን ይቀረናል።

ምግቡ እዚያው የሚበላ ነው። በናፕኪን ጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ መክተት አይገባም፤ «ከፍዬበታለሁ» የሚለው መልስም አያስኬድም። የከፈልነው እዚያ አረፍ ብለን ለመብላት ነው። አስተናጋጅን አጨብጭቦ ወይም «አንቺ!» ብሎ መጥራት ይቅር። ቆማ የምትውል ልጅ ናት። «እህቴ» ብንላት ምን ይጎድልብናል?

አንድ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ፣ ማንኪያ። በጾም ወቅት የጾሙና የፍስኩ ምግብ ጎን ለጎን ይቀርባል። አንዱ በሥጋው ማንኪያ ምስሩን ይጨልፋል። እሱ ረስቶት ይሄዳል፤ ከኋላው ያለችው ጾመኛ ሴት ሳህኗን ባዶ ይዛ ትመለሳለች። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ማንኪያውን ወደ ቦታው መመለስ ቀላል ነው። «እንብላ» ማለትም ደግ ነው፣ አይቅርብን። ግን አንዴ ብለን እምቢ ከተባልን እንተው። አጠገባችን ያለው ሙስሊም ወንድማችን ሥጋው የማን እርድ እንደሆነ አያውቅ ይሆናል። ወይም ጾም ላይ ይሆናል። ጎንደር ላይ ይህን ተከባብረን ኖረንበታል፤ ሰርግ ስንደግስ እንኳ የየራሳቸውን ለይተን ነው።

ሌላው በሰው ካርድ መግባት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2004 ዓ.ም. ስታር አሊያንስ የተባለውን የአየር መንገዶች ኅብረት ከተቀላቀለ ወዲህ፣ ብዙ ለሚበር ደንበኛ የሚሰጠው የጎልድ ካርድ ያለው መንገደኛ አብሮት የሚበር አንድ እንግዳ ማስገባት ይችላል። ይህ የባለ ካርዱ ፈንታ ነው። በር ላይ ቆሞ የማያውቁትን ሰው «በአንተ ስም አስገባኝ» ማለት ሰውን ማስጨነቅ ነው። እሱ ራሱ ከጋበዘን ደግሞ አመስግነን ገብተን፣ ፎቶ ስናነሳም ሶፋ ላይ የተኙትን ሰዎች ከፎቶው ውስጥ እናውጣቸው።

ከሁሉ በላይ የሚከብደኝ ግን የ«አድርስልኝ» ነገር ነው። ታውቁታላችሁ። አንዷ እናት ለልጇ ቅቤ፣ በርበሬና ሽሮ ቋጥራለች። ኪሎው አልፎባታል። ወረፋ ላይ ዞር ዞር ትልና አንድ ደግ ፊት ያለው ሰው ትመርጣለች። «ልጄ፣ አንተ ዕቃ የለህም፤ ይችን ብቻ ያዝልኝ። ሲወርዱ ልጄ ይቀበልሃል።» ልመናዋ አንጀት ይበላል። እምቢ ማለት ይከብዳል። ሆኖም የማያውቁትን ቋጠሮ መያዝ አደጋ ነው። ሻንጣህን ራስህ ነህ ያዘጋጀኸው? ከሰው የተቀበልከው ዕቃ አለ? ብለው የሚጠይቁን በከንቱ አይደለም። የእሷ ቅቤ ቅቤ ነው፤ የሌላው ቋጠሮ ምን እንደሆነ ግን ማን ያውቃል? ውስጡ ክልክል ነገር ቢገኝ የሚጠየቀው የያዘው ነው። ባዕድ አገር ላይ ከሆነ ደግሞ የሚደርስለት ዘመድ እንኳ የለውም።

ስለዚህ እባካችሁ የማናውቀውን ሰው ዕቃ አድርስልኝ አንበል። ሰውየውን ከደግነቱና ከነፍሱ አናማርጠው። የተለመነውም «እናቴ፣ ክልክል ነው፣ አይፈቅዱልኝም» ብሎ በትሕትና ይመልስ። ይህ ጭካኔ አይደለም። ትርፍ ኪሎውን መክፈል ወይም ግማሹን ለሸኚ መመለስ ይሻላል። ቤት ሳይወጡ ሻንጣውን በሚዛን ማየት ደግሞ ከሁሉም ይሻላል።

ስለ መሳፈሪያው ሰልፍ አጭር ነገር ልበል። በሩ ገና ሳይከፈት ሁሉም ተነስቶ ይጋፋል። የወንበር ቁጥሩ ቦርዲንግ ፓሱ ላይ ተጽፏል፤ ማንም አይወስድብንም። ወደ እኛ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 ነው፤ 70 ምናምን ሰው ነው የሚጭነው። ሕፃን የያዘች፣ ምርኩዝ የያዘ፣ በዊልቸር ያለ ይቅደም። ሌላው ተቀምጦ ቢጠብቅ አብሮ ነው የሚደርሰው።

በመጨረሻ አንድ ጥያቄ አለኝ። ስለ ፓወር ባንክና ስለ ፈሳሽ የሚነገረን ያህል ስለ ወንበርና ስለ ስልክ ድምፅም በማረፊያዎቻችን በአማርኛ ቢነገረን ጥሩ ነው። «ለአረጋውያንና ለታመሙ ቦታ ይልቀቁ፤ የስልክዎን ድምፅ ይቀንሱ» የሚል ጽሑፍ በትልቁ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ብዙ ሰው ያነበዋል። እናንተም ይህን ደብዳቤ ከጥምቀት በፊት ብታወጡልኝ ደስ ይለኛል። ከጥር 11 ማግስት ጀምሮ ተመላሹ ሁሉ አዘዞ ላይ ስለሚገናኝ ከዚያ በፊት ቢነበብ ይሻላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አስጎብኚ፣ ከጎንደር